ጉልበት ያላት ብስክሌት

አብዱልጀሊል ከመታየቱ በፊት ይሰማ ነበር። ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ በአራዳ ወደ ሱቁ ሲያዘግም ግራ እግሩ በየእርምጃው «ቀጭ» ትላለች። ሱቃቸውን የሚከፍቱ ነጋዴዎች ያን ሲሰሙ ከቁልፋቸው ቀና እንኳ ሳይሉ «እንዴት አደርክ አብዱልጀሊል» ይሉታል። ግራ እግሩ የብረትና የእንጨት ነበረች። አብራው የተፈጠረችውን እግር በ1981 ዓ.ም. ሰሜን ጦር ግንባር ላይ ከጉልበቱ በላይ ፈንጂ ወስዶበታል።

ቤተሰቡ ከጥንት ጀምሮ ጨርቅ ነጋዴ ነው። አባቱ «በዘራችን ሜትር የያዘ እንጂ መዶሻ የያዘ የለም» እያሉ ይመኩ ነበር፤ እሱም ለብሔራዊ ውትድርና እስኪታፈስ ድረስ ከባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ጨርቅ ሲለካ ነው ያደገው። በ1983 መንግሥት ተለውጦ፣ ጦሩ ተበትኖ፣ በሁለት ክራንች ተደግፎ ጎንደር ሲገባ አባቱ ያንኑ ቦታ ለቀቁለት። ቀን ሙሉ በአንድ እግር ቆሞ ጨርቅ መለካት ግን አልሆነለትም። በዓመቱ አዲስ አበባ ሄዶ ሰው ሠራሽ እግር ተገጠመለት። ጉልበቷ ላይ የብረት ማጠፊያ ነበራት፤ ሲቀመጥ ትታጠፋለች፣ ሲቆም «ቀጭ» ብላ ትቆለፋለች።

እግሯ ሁለት ዓመት በደንብ አገለገለችው። ከዚያ በኋላ መክዳት ጀመረች። ጉልበቷ ወደ ጎን ይወላገዳል፤ ቁልቁለት ላይ ሳያስበው ትታጠፍና መሬት ላይ ትጥለዋለች። አዲስ አበባ ሄዶ ወረፋ ቢጠብቅ ወራት ሊፈጅበት ነው። አንድ ቀን ከጁምዓ ሶላት መልስ እናቱ ቤት ወለል ላይ ተቀመጠና እግሩን ፈታታት። ማጠፊያው ውስጥ፣ በብሎኑና በቀዳዳው መካከል፣ መካኒኮች ቦኮላ የሚሏትን ቀጭን ቀለበት አገኘ። ብረትና ብረት እንዳይበላሉ በመካከላቸው ገብታ የምትታሸው እሷ ናት፤ የምታልቀውም እሷው። አልቃ እንደ ወረቀት ሳስታለች። አንድ ሙሉ ሰው ይዞ የሚወድቀው ይህን ያህል ትንሽ ነገር መሆኑን ሲያይ እጁ ላይ አድርጎ እያገላበጠ ብዙ ቆየ።

ከፒያሳ በታች ባለው ቶርኖ ቤት ተክለ ጊዮርጊስ የሚባል ሠራተኛ ነበር። ልጅነቱን ቅኔ ቤት አሳልፎ፣ ቅኔውን ሳይጨርስ ብረት መቅረጽ ላይ የወደቀ ሰው ነው። አብዱልጀሊል ቀለበቷን ይዞለት ሄደ። ተክለ ጊዮርጊስ ከተጣለ የመኪና ማስነሻ ሞተሪኖ ውስጥ ነሐስ አውጥቶ አዲስ ቀረጸለት። አብዱልጀሊል እዚያው ተቀምጦ እግሩን ገጠመና ያን ቀን እስከ ፋሲል መዋኛ ሄዶ ተመለሰ፤ አልወደቀም። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚሽከረከርና የሚታጠፍ ነገር ሁሉ ይስበው ጀመር። ጎረቤት ብስክሌት አመጣ፤ ሠራለት። አንዲት ሴት የልብስ ስፌት መኪና አመጣች፤ ሠራላት። በኋላ ከአባቱ ሱቅ አጠገብ የቆርቆሮ ሱቅ ከፈተና ብስክሌት ጠጋኝ ሆነ። የጨርቁን ሱቅ ሚስቱ ፈትሂያ ያዘችው። ብስክሌት ላይ ግን እሱ ራሱ አይወጣም። ጎረምሳ ሳለ በአራዳ ቁልቁለት ሁለት እጁን ለቅቆ የሚነዳ ሰው ነበር፤ እግሩን ካጣ ወዲህ የጠገነውን ሁሉ የሚሞክርለት ሌላ ነው። ሰው ምነው ቢለው «ዳኛ ሙግት አይገጥምም» ብሎ ያልፈዋል።

በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን ከደባርቅ የመጣ ሚኒባስ ሱቁ ፊት ቆመ። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ገመድ ፈታና ጭቃ የለበሰች ብስክሌት አወረደ። ከውስጥ አንዲት ወጣት ወርዳ ተቀበለችው። ክንዷ ላይ ገና ያልጠፋ የቁስል ጠባሳ አለ። አገሯን ስትጠየቅ አዲ አርቃይ ነው አለች፤ ስሟ ሕይወት፣ ሥራዋ የእንስሳት ጤና። ደባርቅ ተቀምጣ ከሊማሊሞ ገደል በታች ያሉትን ቀበሌዎች የምታካልለው እሷ ናት።

ነገሩን ከሥሩ ነገረችው። ብስክሌቷን የሰጣት ሰሜን ተራራ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ሲያጠና የቆየ ፈረንጅ ነው፤ አገሩ ሲመለስ ለሚሠራባት ትሁን ብሎ ትቶላት ሄደ። ቀድሞ በእግሯ ቀን ሙሉ የምትወርደውን ቁልቁለት በሁለት ሰዓት ትወርደው ጀመር። መውጫው ላይ ብስክሌቷን አይሱዙ ላይ ጭና ትመለሳለች። ጀርባዋ ላይ የበረዶ ሳጥን ታዝላለች፤ ክትባቱ በረዶው ሳይቀልጥ ከብቶቹ ዘንድ መድረስ አለበት፤ ከዚያም በላይ ክትባቱ ያለው በጠርሙስ ነው። መንገዱ ደግሞ ሁሉ ድንጋይ ነው። ብስክሌቷ የድንጋዩን ምት ስለምታበርድ እስካሁን አንድ ጠርሙስ ተሰብሮባት አያውቅም ነበር። ባለፈው ክረምት ግን የኋላ ጎማዋ መወላገድ፣ ከሥር «ቋ ቋ» ማለት ጀመረች። ነሐሴ ላይ አንድ ጥምዝ ላይ ኋላዋ ከድቷት ወደቀች፤ ክንዷ ተላጠ፣ የሁለት ቀበሌ ክትባት ተሰበረ። ደባርቅ ያለ በያጅ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ በይጄ ድርቅ ላድርገው ብሏት እሺ ልትል ጥቂት ነበር የቀራት። ሰዎች ናቸው ጎንደር ባለ ብረት እግሩን ሰውዬ ሳታሳዪ እንዳታደርጊው ያሏት።

አብዱልጀሊል እየሰማት ዓይኑን ከብስክሌቷ አልነቀለም። በሕይወቱ ብዙ መቶ ብስክሌት አይቷል፤ ሁሉም አንድ አጥንት ነበሩ። ይህቺ ግን ሰው ወገቧ ላይ ቆርጦ መልሶ የሰካት ትመስላለች። ፊቷ ለብቻ ነው፣ ኋላዋ ለብቻ። ሁለቱን ከፔዳሉ በላይ አንድ ማጠፊያ አገናኝቷቸዋል፤ በመካከላቸው ደግሞ የሐኪም መርፌ የመሰለ ቱቦ ወፍራም ሞላ ተጠምጥሞበት ተጋድሟል። መቀመጫው ላይ እጁን ጭኖ ተጫነ። ወረደችለት፤ ሲለቃት ቀስ ብላ ተነሣች። ደግሞ ተጫነ። የተኛ በሬ ሆድ ላይ እጁን ያሳረፈ መሰለው።

ሕይወት ፈራች። «ምነው ዝም አሉ አያ? አትሠራም እንዴ?» አለችው።

«ስለ እሷ አይደለም የማስበው ልጄ» አላት። «ይህን ነገር ያሰበ ሰው ስንት ጊዜ ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ይሆን እያልኩ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሥራውን ጀመረ። ሕይወት የፊት ጎማውን በእግሮቿ መካከል እንድትይዝ አደረጋትና እሱ መቀመጫውን ይዞ ትንሽ ብድግ፣ ትንሽ ዝቅ አደረገው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ጆሮውን ባስጠጋ ነበር፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሌባ ጣቱን በየማጠፊያው ላይ አሳረፈ። አንደኛው ቦታ ላይ ዝም ነው። ሁለተኛው ላይ ትንሽ። ሦስተኛው፣ ዋናው ማጠፊያ ላይ ሲደርስ ከጣቱ ሥር የሆነ ነገር ነካ አድርጎት ተመለሰ። ያቺን ስሜት ያውቃታል። እሱ ጣቱ ላይ ሳይሆን ገላው ውስጥ ነው የሚያውቃት፤ የራሱ እግር ልትጥለው ስትል የምትሰጠው ምልክት ነች። ዓይኑን ገለጠና እዚህ ነው አላት፤ የሞላው ሁለት ጫፎችም ተበልተዋል፣ የምትጥልሽ ግን ይህች ናት አላት። ሕይወት አዘዞ አክስት ነበረቻትና እሷ ዘንድ እንድትሰነብት ተስማሙ።

ከሄደች በኋላ ብስክሌቷን ፈታታት። እያንዳንዱን ከመፍታቱ በፊት ሱቁ ወለል ላይ ስፍራውን በጠመኔ ይሥለው ነበር። ፈትሂያ ሻይ ይዛለት ስትመጣ የምትረግጥበት አጥታ በሩ ላይ ቆመች። ብሎኑ በአንድ ጎኑ ተበልቶ ጎብጧል፤ ቀለበቶቹ ክብ መሆናቸው ቀርቶ እንቁላል መስለዋል። ጉዳቱን አይቶ አበቃ፤ አሁን የያዘው የብስክሌቷ ነገር ነው። ከጠመኔው ሥዕል ፊት ዱካ ላይ ተቀምጦ የኋላውን አጥንት ብቻውን ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። ቀስ በቀስ ገባው። ኋላዋ የድንጋዩ ነው፤ ፊቷ የሰውየው። ድንጋይ ሲመጣ ኋላዋ ብቻዋን ብድግ ትልና ትቀበለዋለች፤ ሞላው ይውጠዋል፤ ለተቀመጠው ሰው የሚደርሰው ወሬው ብቻ ነው። ያም ሁሉ የሚሆነው በዚያች አንዲት ማጠፊያ ዙሪያ ነው። ማጠፊያዋን ብስክሌቷን ያሰበው ሰው ከዚያ ሁለት ጣት ከፍ ወይም ዝቅ ቢያደርጋት ካቴናው ይወጠር ወይ ይረግብ ነበር። በትክክል ቦታዋ ላይ አስቀምጧታል። አብዱልጀሊል የማያውቀውን ሰው በልቡ አመሰገነው። ሱብሃነላህ አለ፤ ያንን ሰው የሚያስብ አድርጎ የፈጠረውን።

በማግስቱ ተክለ ጊዮርጊስ መጣ። ሥዕሉን ዞሮ ዞሮ አየው፤ ተንበርክኮም ሞላውን ተጫነው። የቅኔ ቤቱ ልጅ ሲደነቅ ግእዝ ይቀናዋልና «ዕፁብ» አለ በዝግታ። ቀጥሎም ለዚህ የሞተሪኖ ነሐስ አይሆንም፣ ይሳሳል፣ አለው። ሄዶ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ተመለሰ። በጣሊያን ጊዜ የተተከለ የእህል ወፍጮ ሲፈርስ ያነሣው የነሐስ ቁራጭ ነው፤ ቀለሙ እንደ ማር የጠቆረ፣ ሲያንኳኩት የሚዘፍን። ለብዙ ዓመት ሊቀርጸው እያሰበ የሚመጥነው ሥራ እያጣ መልሶ ይጠቀልለው ነበር። አሁን ሳያመነታ ሞርሳው ላይ አሰረው።

ሁለቱ ሙሉ ቀን ለኩ፣ ቀረጹ፣ መልሰው ለኩ። ስድስት ቀለበቶች ወጡ። ለብሎኑ ደግሞ ተክለ ጊዮርጊስ ከጠንካራ የመኪና ብረት አዲስ አወጣለት። ቀለበቶቹ ቤታቸው ውስጥ ጥብቅ ብለው ገቡ፤ ብሎኑም ጥብቅ ብሎ ገባ። ሕይወት ተጠርታ መጣች። ብስክሌቷን ነድታ በፒያሳ በኩል ወርዳ ዞራ ተመለሰች። ከመውረዷ በፊት አብዱልጀሊል ፊቷን አየ።

ሸጋ ነው አለችው። አፏ ነው እንጂ ፊቷ ግን እንዲህ አላለም።

«ልጄ፣ ከገደል ላይ የምትወድቂው አንቺ ነሽ። እውነቱን ንገሪኝ» አላት።

ትንሽ አፈረች። ድምፁ ፈጽሞ ጠፍቷል፣ መወላገዱም ጠፍቷል፤ ግን ትንፋሽ የላትም አለችው። ድንጋዩን እንደ ድሮ አትወስደውም፤ እንዳለ ወደ ወገቤ ታደርሰዋለች አለች። አብዱልጀሊል መቀመጫውን ተጫነ። ወረደች፤ ግን ስትነሣ ተንቀራፈፈች፣ እንደ ደከመ ሰው። ማጠፊያዋን ጥብቅ አድርጎ አንቋታል። በያጁ በእሳት ሊያደርገው የነበረውን እሱ በጥንቃቄ አደረገው። ሕይወትን ሁለት ቀን ስጪኝ ብሎ ሸኛት።

የአስር ሶላት ደረሰ። በእግሩ ምክንያት የሚሰግደው ወንበር ላይ ሆኖ ነው። ሰግዶ ሲነሣ ጉልበቱ ያለ አንዳች ችግር ተዘርግታ «ቀጭ» አለች፤ እሱም እዚያው ቆሞ ቀረ። የመጀመሪያዋን ቀለበት የገጠመ ቀን እስከ ፋሲል መዋኛ ሲሄድ እግሩ እንደ ሽመል ድርቅ ብላበት እንደነበር፣ ሲመለስ ግን ለስልሳ መምጣቷ ትዝ አለው። ያን ያህል መንገድ የሄደው ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ነው ብሎ ነበር የሚያምነው። ለካ መንገዱ ነው ቀለበቷን ያለሰለሳት። ማለስለሻ ቅባቱ ግራሶ የሚያድርባት ቦታ አጥቶ ነበር፤ መንገዱ ቦታ አበጀለት።

ብሎኑን አወጣና በጣም የላመ ብርጭቆ ወረቀት ላይ ዘይት ጠብ አድርጎ ቀለበቶቹን በውስጣቸው በእጁ ያሽ ጀመር። ጥቂት ያሻል፣ ይጠርጋል፣ ብሎኑን ያስገባል። ተክለ ጊዮርጊስ መጥቶ አይቶት ሳቀ፤ ይህን በማኪናዬ በአንድ ደቂቃ አወጣልህ ነበር አለው። አብዱልጀሊል አንዴ ካወጣህ ማን ይመልስልኛል አለው። ተክለ ጊዮርጊስም ሳቁን ትቶ ወንበር ሳበና አጠገቡ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ሲያሽ ሌላው ይጠርግ ነበር።

በሁለተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አብዱልጀሊል ማጠፊያውን ቀጥ አድርጎ አቆመና ብሎኑን ከላይ ቀዳዳው አፍ ላይ አስቀምጦ ለቀቀው። ብሎኑ አልወደቀም። ተነቅንቆም አልቆመም። በራሱ ክብደት ብቻ፣ ከማንኪያ ላይ እንደሚወርድ ማር፣ ቀስ እያለ፣ እኩል እየሆነ ወረደና ታች ሲደርስ ያለ ድምፅ ተቀመጠ። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። አወጣውና ደግሞ ለቀቀው። ተክለ ጊዮርጊስ እስቲ እኔ አለና ለቀቀው። ፈትሂያ ከጎረቤት ሱቅ ምን እየሠራችሁ ነው ብላ ስትመጣ እሷም ለቀቀችው። ያ ብረት እንደዚያ ረጋ ብሎ ሲወርድ ማየት ከመናገር ይበልጥ ነበር። በመጨረሻ አብዱልጀሊል ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪያ ቀጫጭን የጎማ ቀለበት ቆርጦ አቧራ እንዳይገባ ሁለቱን አፍ አለበሳቸውና ገጠማት።

ሕይወት በፒያሳ ዞራ ስትመለስ መጠየቅ አላስፈለገም። ቢሆንም አብዱልጀሊል ልቡ አላረፈም። የጎንደር ድንጋይ የከተማ ድንጋይ ነው፤ እዚያ ገደሉ ላይ ሳላያት አላምንም አለ። ፈትሂያ ተቃወመች። በብረት እግር ገደል ለገደል ምን ይሁነኝ ብለህ ነው አለችው። እሱ ዝም ብሎ ጃኬቱን ሲፈልግ ስታይ ዳቦና ቴምር ቋጥራ ሰጠችው።

ሊማሊሞን ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ አልፎበታል፤ በ1980፣ ሸራ በለበሰ የወታደር መኪና። ያን ጊዜ ያየው ነገር ቢኖር ፊት ለፊቱ የተቀመጡትን ወታደሮች ጉልበት ብቻ ነው። አሁን ከደባርቅ በጠዋት ወጥተው፣ ሕይወት ብስክሌቷን እየገፋች፣ እሱ በከዘራ እየተደገፈ፣ መንገዱ መውረድ ከሚጀምርበት ጫፍ ላይ ደረሱ።

መሬቱ እዚያ አለቀ። ከእግሩ ሥር ደመና ነበር፤ ከደመናው ውስጥ ተራሮች፣ አንዳንዱ እንደ ግንብ የቆመ፣ አንዳንዱ እንደ ጣት የሾለ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ እየደበዘዙ ዓይን እስኪደክም ይሄዳሉ። ንስር ከእሱ በታች ይበር ነበር፤ ጀርባውን አየው። የንስር ጀርባ አይቶ አያውቅም። መንገዱ ከገደሉ ላይ እንደ ተጣለ ገመድ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ያን ጊዜ በዚህ ሁሉ መካከል በሸራ ተሸፍኖ አልፏል፤ ከአጠገቡ የነበሩት ልጆችም ይህን ሳያዩ ወርደው ብዙዎቹ ከጦርነቱ ሳይመለሱ ቀሩ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ሕይወት የበረዶ ሳጥኑን አዘለች፤ ማሰሪያውን ደረቷ ላይ አጠበቀች። በቀስታ እወርዳለሁ፣ እዚህ ሆነው ይዩኝ አለችው። ከዚያ ሄደች።

አብዱልጀሊል አንገቱን አስግጎ ተከተላት። የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ የወንዝ ድንጋይ የሚያህል ጉብታ ነበር፤ የኋላ ጎማዋ ብቻዋን ብድግ ብላ ተቀበለችውና ወረደች፤ ሳጥኑ ከሕይወት ጀርባ ላይ አልተነቃነቀም። በጠመኔ የሣለው ነገር አሁን ነፍስ ዘርቶ ከፊቱ ይሄዳል። ሁለተኛው ጥምዝ፣ ሦስተኛው። እያነሰች ሄደች፤ እንደ ዶሮ፣ ከዚያ እንደ ጥንዚዛ። ጎማዋ ከድንጋዩ ጋር ስትነጋገር አሁንም ይታየዋል፤ የላይኛው አካሏ ግን ውኃ ላይ እንደሚሄድ ሰው ዝም ያለ ነው። ገደሉ ድምፅ ያሳብቃል፤ ታች ያለ ፍየል ሲያስነጥስ ላይ ይሰማል። ጆሮውን አቀና። «ቋ» የሚል ነገር ጠበቀ። ንፋሱን ሰማ፣ ከሩቅ ውኃ ሲወርድ ሰማ፣ ከዚያ በቀር ምንም አልነበረም። ሕይወት ደመናው ውስጥ ገባች። አብዱልጀሊል እንባው እየወረደ መሆኑን ያወቀው ጺሙ ሲርስ ነው።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ አንድ አይሱዙ እያቃሰተ ወጣና አጠገቡ ቆመ። ሕይወት ሰጠኝ ከሚባለው ሹፌር ጎን ተቀምጣለች፤ ብስክሌቷ ከኋላ ጤፍ ላይ ተጋድማለች። ወርዳ ሳጥኑን ከፈተችለት። ለሙከራ ብላ የያዘቻቸው ባዶ ጠርሙሶች ሁሉ ደህና ናቸው። አንድ በአንድ እያነሣ በብርሃን አያቸው።

ከዚያ በኋላ ሃያ ሦስት ዓመት ያልወጣው ቃል ወጣው። «ላይዋ ላይ ያለ ሰው ምን እንደሚሰማው ማወቅ ፈልጌ ነበር» አለ።

ሕይወት አላመነታችም። ከመንገዱ ዳር ሳር ያለበት፣ ድንጋይ ድንጋይ የሚል፣ ትንሽ ዝቅ ያለ ሜዳ ነበር። መቀመጫውን ዝቅ አደረገችለት። ሰጠኝ ከመኪናው ወርዶ በአንድ በኩል ያዘ፣ እሷ በሌላው። አብዱልጀሊል ቀኝ እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳረፈ፤ የብረቷን ቀጥ አድርጎ ወደ ፊት ዘረጋት። ገፉት።

መጀመሪያ መሬቱ ከሥሩ መሸሹ ብቻ ተሰማው። ከዚያ አንድ ድንጋይ መጣ። አየው፤ ሊመታኝ ነው ብሎ ትከሻውን ሰበሰበ። ድንጋዩ ከሥሩ ገባ፣ የሆነ ነገር ከወገቡ በታች ብድግ ብሎ ተቀበለው፣ መልሶም አሳረፈው፤ እሱ ግን እዚያው ነበር። ሁለተኛው መጣ። አሁን ትከሻውን አልሰበሰበም። እነሰጠኝ እየሮጡ ነበር፤ በኋላ ለካ ለቅቀውታል። አርባ እርምጃ ያህል ብቻውን ሄደ። ሜዳው ሲያልቅ ፍሬን ያዘ፣ ቀኝ እግሩን አወረደና ቆመ። ሲደርሱበት መሪውን እንደያዘ ነበር። ይውረዱ አላሉትም፤ እሱም እስኪጠግብ አልወረደም።

እነዚያ ቀለበቶች ሁለት ክረምት አገለገሉ። በሦስተኛው ሕይወት ራሷ ብስክሌቷን አመጣች፤ አብዱልጀሊል ከዚያው ከወፍጮው ነሐስ ሌላ አወጣላት፤ እንዲህ እያለ እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ ሄደ። ያን ዓመት የብስክሌቷ አጥንት ራሱ ተሰነጠቀና ለሕይወት ሞተር ሳይክል ተሰጣት። እስከዚያ ግን ከሊማሊሞ በታች ያሉት ቀበሌዎች ክትባት በጊዜው ያልደረሰበት ዓመት አልነበረም፤ አንዲትም ጠርሙስ ዳግም አልተሰበረም። ወሬው ተራራ ከሚያስጎበኙት ሰዎች ዘንድ ደረሰና በየዓመቱ ጥቂት እንዲህ ያሉ ብስክሌቶች ወደ አራዳ ይመጡ ጀመር። አንዳንዷ ማጠፊያዋ አራት ነው። ተክለ ጊዮርጊስና እሱ አዲስ በመጣ ቁጥር ሥራ አቁመው፣ ወለሉ ላይ ሥለው፣ ያሰበውን ሰው ያደንቃሉ።

ያን አርባ እርምጃ ብቻውን የነዳ ቀን ከደባርቅ ሲመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ፈትሂያን ሱቋን ስትዘጋ አገኛት። ገደሉ እንዴት ነበር አለችው። አብዱልጀሊል ከደመናው፣ ከንስሩና ከአርባዋ እርምጃ የቱን እንደሚያስቀድም አሰበ። እጁን አንስቶ ወደ ታች ብዙ መንገድ አሳያት።

«እንግዲያው እኔንም ውሰደኝ» አለችው።

በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት፣ ዝናቡ እንዳበቃ፣ አብረው ሄዱ። ሕይወት ጫፉ ድረስ አደረሰቻቸው። ፈትሂያ የባሏን እጅጌ ይዛ ቆመች፤ ደመናውን፣ ተራሮቹን፣ የተጠማዘዘውን መንገድ አንድ በአንድ አየች። ብዙ ቆይታ፣ ዓይኗን ከታች ሳታነሣ፣ ይህን ሁሉ በዚያች በቀጭኗ ብስክሌት ነው የምትወርጂው ስትል ሕይወትን ጠየቀቻት። አዎ አለቻት ሕይወት። ፈትሂያ ንፋሱ የፈታባትን ሻርፕ አጥብቃ አሰረች፤ ከዚያም እጅጌውን ለቅቃ አንድ እርምጃ ወደ ገደሉ ጫፍ ተጠጋች።